ኢየሩሳሌምን ለሚሳለም መንገደኛ

ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄድ ምእመን ስንቁን እንደሚያዘጋጅ ሁሉ፥ በባዕድ አገር ራሱን የሚጠብቅበትንም ጥበብ አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባዋል፤ የቦታው ቅድስና ከሕዝብ ግፊያ አያድንምና።

አሮጌው ከተማ በቅጥር የተከበበ፥ መንገዱም ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። ስለዚህ እንግዳው የያፋ በርም ቢሆን የደማስቆ በር፥ የገባበትን በር ስም አጥንቶ ይያዝ፤ ከጓደኞቹ ቢለይም የሚገናኙበትን ስፍራ አስቀድሞ ይቃጠር። ፓስፖርቱን ከልብሱ ሥር አኑሮ፥ ቅጂውን በሌላ ስፍራ ያስቀምጥ። ቢጠፋበት የሚያመለክትበት ኤምባሲያችን የሚገኘው በቴል አቪቭ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው የቀዳም ሥዑር ግፊያ ነው። የጌታችን መቃብር ያለበት ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ የሚገባበትና የሚወጣበት ታላቅ በር አንድ ብቻ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1834 በዚሁ ዕለት በተነሣ ግፊያ በመቶ የሚቈጠሩ ተሳላሚዎች ሞተዋል። በ2021ም በሜሮን ተራራ በአይሁድ በዓል 45 ሰዎች በመረጋገጥ አልቀዋል፤ ከዚያ ወዲህ ፖሊስ በቀዳም ሥዑር የሚገባውን ሰው በቍጥር ይገድባል። እንግዲህ መንገድ ቢዘጋ ከፖሊስ ጋር መከራከር አይገባም። ጕልበቱ የደከመ ወይም ሕፃን የያዘ ሰው ከግፊያው ርቆ፥ በዚያው ጣሪያ ላይ ባለው በዴር ሱልጣን ገዳማችን ቢጸልይ በረከቱ አይጎድልበትም።

አደጋ ቢደርስ ፖሊስ በ100፥ አምቡላንስ በ101 ይጠራል። ይህንንም ልጆች ለሚጓዙ ወላጆቻቸው በወረቀት ጽፈው ይስጡአቸው፤ በሰላም ሄደው በሰላም እንዲመለሱ።