ክረምቱ፣ ዝውውሩና የእኛ ቤት አጥቂ

ክረምት ሲገባ እናንተ ቤት ምን ዓይነት ወሬ ይበዛል? የልጆች ውጤት፣ የመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ምናልባትም የዘመድ ሠርግ። እግር ኳስ የሚወድ ሰው ያለበት ቤት ደግሞ አንድ ወሬ ይጨመርበታል፤ ዝውውር። ሊጉ ተጠናቋል፣ በቴሌቪዥን የሚታይ ጨዋታ የለም፣ ወሬው ግን ከውድድሩ ጊዜ ይብሳል። እገሌ ፈረመ፣ እገሌ ውሉን ሳያድስ ቀረ፣ እገሌን ሁለት ክለቦች እየተሻሙበት ነው። ልብ ብላችሁ ከሆነ አብዛኛው ወሬ ስለ ፊት መስመር ነው። ተከላካይ ሲፈርም ዜና ነው፤ አጥቂ ሲፈርም ግን ድግስ ነው።

እኛ ጋምቤላ ያለነውም ከዚህ ወሬ አላመለጥንም። እንዲያውም ዘንድሮ ቤታችን ድረስ ገብቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ታናሽ ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው፤ አጥቂ ነው። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው ደወለ። የአንድ ክለብ ስም ጠርቶ (እዚህ አላነሳውም) ቡድኑ የፊት መስመሩን እንደ አዲስ እየገነባ ስለሆነ የወንድሜ ዓይነት ቁመትና ፍጥነት ያለው ልጅ ይፈልጋል አለን። ለሙከራው፣ ለማደሪያው፣ ለምግቡና «ለአንዳንድ ነገር» 40 ሺህ ብር መላክ አለበት። እናታችን 40 ሺህ ብር ነበራት። የቤቱን ቆርቆሮ ልታስቀይርበት ያጠራቀመችው ነው። የጋምቤላን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ቆርቆሮ እዚህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ከሩቅ ሆናችሁ «ይሄማ ግልጽ ነው፣ ስልኩን መዝጋት ነው» ልትሉ ትችላላችሁ። እዚህ ሆኖ ሲታይ እንዲህ ቀላል አይደለም። ኡመድ ኡኩሪ የዚህ አገር ልጅ ነው። ከመከላከያ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሄዶ በ2006 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ፤ ከዚያም ግብፅ ተሻግሮ ለእስክንድርያው አል ኢትሃድ ፈረመ። ጋቶች ፓኖምም የዚህ አገር ልጅ ነው። ከኢትዮጵያ ቡና ተነሥቶ በ2009 ዓ.ም. ክረምት ለሩሲያው አንዚ ማካቻካላ ፊርማውን አኖረ። በጭቃ ሜዳ ላይ ኳስ የሚያባርር የእኛ ሰፈር ልጅ ሁሉ እነዚህን ሁለት ስሞች ያውቃል። እናት «ልጄስ ከእነሱ በምን ያንሳል?» ስትል ምን ብላችሁ ትመልሱላታላችሁ?

እኔ በሙያዬ የገበያ ሠራተኛ ነኝ። በቢዝነስ ተመርቄ፣ የታሸገ ውሃና ለስላሳ መጠጥ በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ስለዚህ እናቴ «አንቺ የተማርሽው ንግድ ነው፣ ይሄ ነገር ያዋጣል ወይ?» ብላ ስትጠይቀኝ እንደ ኳስ ተመልካች ሳይሆን እንደ ሥራዬ ላየው ወሰንኩ። ሻጩ ማነው? ገዢው ማነው? የሚሸጠው ምንድን ነው?

መጀመሪያ ስለ ገዢው። የእኛ አገር ክለቦች ብዙዎቹ በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት ገንዘብ የሚተዳደሩ ናቸው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። የተጫዋቾች ውልም ባብዛኛው አጭር ነው፤ አንድ ዓመት፣ ሲበዛ ሁለት። ስለዚህ ሐምሌ ሲብት አዲስ በጀት የያዘ ክለብና ውላቸው ያለቀ ተጫዋቾች ባንድ ጊዜ ገበያ ይወጣሉ። ቸኩሎ የሚገዛ ሰው ምን እንደሚገዛ ታውቃላችሁ፤ ዓይን ውስጥ የሚገባውን። ዓይን ውስጥ የሚገባው ደግሞ ያለፈው ዓመት የግብ ቁጥር ነው። ደጋፊን ዝም ያሰኛል፣ ለቦርዱም ሪፖርት ያምራል።

ቁጥሩ ግን ብቻውን ምን እንደሚሠራ እንየው። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ግብ አስቆጠረ። በፕሪሚየር ሊጉ ታሪክ በአንድ የውድድር ዓመት ከዚያ በፊት ማንም እዚያ አልደረሰም። ዋንጫውን የወሰደው ግን ፋሲል ከነማ ነው። የአገሪቱ ምርጥ አጥቂ አንድ ቡድን ውስጥ፣ ዋንጫው ሌላ ቡድን ውስጥ! አቡበከር በኋላ ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ፤ ቡናም ከ2003 ዓ.ም. ዋንጫው በኋላ ሌላ ሳይጨምር ቆየ።

ጅማ አባ ጅፋርን ደግሞ ተመልከቱ። በ2010 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሲሆን ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ኮከብ ግብ አግቢ ነበር። ከተማው አበደ፤ ማበድም ነበረበት። በ2014 ዓ.ም. ያው ክለብ ከሊጉ ወረደ። አጥቂው ስለሄደ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሌላም ብዙ ምክንያት አለው። በአራት ዓመት ውስጥ ከጣሪያ ወደ ወለል የመጣ ቤት ግን ምሰሶው ከመጀመሪያውም አጥብቆ እንዳልተተከለ ያሳብቃል።

አሁን ወደ እኛው ልጅ ወደ ኡመድ ልመለስ። ጊዮርጊስ ኮከብ ግብ አግቢውን ለግብፅ ከሸኘ በኋላ ምን ሆነ? በ2007፣ በ2008ና በ2009 ዓ.ም.ም ዋንጫውን ደጋገመው። አጥቂው ቢሄድም ኳሱን ለአጥቂው የሚያደርሰው መንገድ አልሄደም ነበርና።

እኔ ይሄን ለመረዳት የእግር ኳስ አሰልጣኝ መሆን አላስፈለገኝም። ከአዲስ አበባ ጋምቤላ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እኛ በራዲዮ የፈለግነውን ያህል ብናስነግር፣ በየሱቁ ብንለጥፍ፣ መኪናው በደሌ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ከቆመ ወይም ከጎሬ ወደ ቡሬ ባለው ጭቃ ከተያዘ፣ በ38 ዲግሪ ሙቀት ውሃ የጠማው ደንበኛ የሌላውን ውሃ ገዝቶ ይጠጣል። ማስታወቂያውን ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ሽያጩን የሚሠራው ግን ሹፌሩና መጋዘን ጠባቂው ነው። አጥቂ ማስታወቂያ ነው። አማካዩ፣ የመስመር ተጫዋቹ፣ ኳሱን ከኋላ አውጥቶ የሚያስጀምረው ተከላካይ ስርጭት ናቸው። በነገራችን ላይ ጋቶች አጥቂ አይደለም፤ የሌላውን ኳስ ነጥቆ ለፊተኞቹ የሚያቀብል የመሐል ሰው ነው። ልጆቹ ሲያወሩ ግን ግቦቹን ብቻ ነው የሚቆጥሩለት።

ለዚህ ለዚህማ የከተማችን የራሷ ታሪክ ይበቃል። ጋምቤላ ከመቶ ዓመት በፊት የወንዝ ወደብ ነበረች። ከካርቱም የሚነሡት መርከቦች እዚህ የሚደርሱት ባሮ በሚሞላባቸው የክረምት ወራት ብቻ ነው። ነጋዴው መርከቡ ሲመጣ ቡና ፍለጋ ቢወጣ አመለጠው ማለት ነው። ቡናው ከጎሬ በኩል በበቅሎና በሰው ጀርባ ቀድሞ ወርዶ መጋዘን ውስጥ መቆየት ነበረበት። ያኔም ሰው የሚያየው የመርከቡን ጭስ ነው፤ የበቅሎውን ጀርባ ማን ያያል?

ይህን ሁሉ ለእናቴ እንዲህ በሰፊው አላስረዳኋትም። ለሰውየው ግን ደወልኩ፣ ጠየቅኩት። «ወንድሜ፣ ክለቡ በዚህ ክረምት ስንት አጥቂ አስፈርሟል?» ሦስት አለኝ፣ በኩራት። «አሰልጣኙ ማነው?» ገና አልተቀጠረም። «የመስመር ተጫዋችስ? አማካይስ?» ዝም። «እህቴ፣ አንቺ ኳስ አታውቂም መሰለኝ» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት፣ «ለዚህ ነው የምጠይቅህ።» የወኪልነት ፈቃዱን ስጠይቀው ኔትወርክ ጠፋ። ፊፋ ዛሬ ፈተና አልፎ ፈቃድ ያገኘን ሰው ብቻ ነው ወኪል ብሎ የሚያውቀው፤ እናንተም ልጃችሁን ፈልጎ የሚደውል ሰው ካጋጠማችሁ ይህችን ጥያቄ ቀድማችሁ አንሡ።

ሦስት አጥቂ ያስፈረመ፣ አሰልጣኝ የሌለው ቡድን ውስጥ አራተኛ ሆኖ የሚገባው የ19 ዓመት ልጅ የት ይቀመጣል? ወንበር ላይ። አሰልጣኙ ሲመጣ ደግሞ የራሱን ሰው ይዞ ይመጣል። ጥር ላይ «ልጁ አልበሰለም» ይባልና በአውቶቡስ ይመለሳል፤ ቆርቆሮውም አይመለስም።

አንድ ነገር ደግሞ ያናድደኛል፣ ልናገረው። የእኛን ልጆች የሚፈልጉ ሰዎች የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ስለ ቁመት ነው። ረጅም ከሆነ አጥቂ ይሁን፣ ካልሆነ መሐል ተከላካይ። ልጁ ቀና ብሎ ሜዳውን ያያል ወይ፣ ኳስ ሲቀበል የመጀመሪያ ንክኪው እንዴት ነው ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ቡድን በሜትር እየተለካ የሚገነባ ይመስላቸዋል።

ወንድሜ ተቆጣ። ሁለት ሳምንት ያህል አላናገረኝም፤ ምሳ ሲቀርብ ሳህኑን ይዞ ማንጎው ጥላ ሥር ሄዶ ይበላል። እናቴ መሐል ላይ ሆና ለሁለታችንም ዓሣ እያካፈለች፣ ለማንም ሳትፈርድ ከረመች። ቆርቆሮው በነሐሴ ተቀየረ። ምስማሩን የመታው እሱ ነው፣ አናፂ አልቀጠርንም። ከጣሪያው ላይ ሆኖ «ሁለት ምስማር አቀብዪኝ» አለኝ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር።

ልጆቻችሁን በክረምት የእግር ኳስ ሥልጠና የምታስገቡ ወላጆች ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። አዲስ አበባ ለሥራ ስመላለስ አያለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ዳር ወላጆች ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል፣ ሁሉም «ምታ! ምታ!» ይላሉ። «አቀብል!» የሚል አባት አንድ ብቻ ሰምቼ አውቃለሁ፤ እሱም የራሱ ልጅ ኳሱን የሚጠብቅ አጥቂ ነበር። አሰልጣኙን «ልጄ ስንት አገባ?» ከማለት ይልቅ «ኳስ ሳይዝ ምን ይሠራል?» ብላችሁ ብትጠይቁት ደንግጦ ያያችኋል። ጥሩ አሰልጣኝ ከሆነ ግን ከድንጋጤው በኋላ ረዘም ያለ መልስ ይሰጣችኋል።

የእኛ ቤት አጥቂ ትምህርቱን አላቋረጠም፤ ልምምዱንም እንዲሁ። የሰፈሩን ልጆች የሚያሠለጥነው ጡረተኛ የስፖርት መምህር ዘንድሮ ወደ ቀኝ መስመር አውጥቶታል። መጀመሪያ እንደ ቅጣት ቆጥሮት ነበር፤ አሁን ግን ማታ ማታ ስለሚያሻግራቸው ኳሶች ያወራል፣ እኔም ባይገባኝም እሰማለሁ። በቅርቡ በታችኛው ሊግ ካሉ ቡድኖች የአንዱ አሰልጣኝ በመምህሩ በኩል ስለ እሱ ሰምቶ ሜዳ ድረስ መጥቶ አየው። ገንዘብ አልጠየቀም። ውሉን በጽሑፍ እንደሚያመጣ፣ ከዚያ በፊት ግን ከእናቱ ጋር መነጋገር እንደሚፈልግ ተናገረ።

ማክሰኞ ይደውላል። እናቴ የምትጠይቀውን ከአሁኑ አዘጋጅታለች፤ የመጀመሪያው «ልጄ ማታ የት ነው የሚያድረው?» የሚል ነው። ሁለተኛውን ከእኔ ነው የወሰደችው፦ «ኳሱን የሚያቀብሉት እነማን ናቸው?»