ገመዱ ሲነቀል

ነገሩ የጀመረው በአንድ የግጥም ምሽት ነው። አንዲት ወጣት ለሟች አባቷ የጻፈችውን ስታነብ እኔ ከኋላዋ በትዝታ ቅኝት ጊታር እደረድር ነበር። አሮጌው ጊታሬ የራሱ ድምፅ ማንሻ ስላልነበረው ማይክሮፎን ፊቱ ተደቅኖለታል። ልጅቱ ወደ መጨረሻው ስንኝ ስትደርስ ማይክሮፎኑ ከስፒከሩ የወጣውን ድምፅ መልሶ ዋጠና ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ለቀቀ። ስንኙ ጠፋ። እርሷ ፈገግ ብላ ተቀመጠች፤ እኔ ግን ዐይኗን ማየት አቃተኝ።

እቁብ በደረሰኝ ጊዜ ታዲያ ልቤ ወደ ጊታር ሸፈተ። ባለቤቴ ገንዘቡን አስቀድማ ለጣሪያው ቆርቆሮ መድባው ኖሯል። ብዙ ከተነጋገርን በኋላ «እኩሌታውን ውሰድ፤ አንዲት ብር ብትጨምር ግን ክረምቱን አንተው ባልዲ ይዘህ ትቆማለህ» አለችኝ።

ለዚያ ገንዘብ የሚሆኑ ሁለት ጊታሮች ቀረቡልኝ። አንደኛው ቀጭን፣ አንጸባራቂ፣ በጎኑ ላይ የመቃኛ መብራት የሚያበራ ነው። ገመዱ ተሰክቶ ሲመታ ማር ነው። ሁለተኛው ደረተ ሰፊ፣ ቀለሙ ደብዛዛ፤ ሻጩም ብዙ ቃል አላባከነለትም።

የሁለቱም ምሥጢር አንድ ነው። ክሮቹ ከሚያርፉባት ነጭ አጥንት ሥር፣ ሲጫኗት ኤሌክትሪክ የምታመነጭ ቀጭን ዘንግ ተጋድማለች። አንዳንድ ማዕድናት ይህ ጠባይ እንዳላቸው ወንድማማቾቹ ፒየርና ዣክ ኩሪ በ1880 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። የምታመነጨው እጅግ ደካማ ስለሆነ በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ማጎልበቻ ይታከልላታል። እንግዲህ በስፒከር የሚሰማው የእንጨቱ ድምፅ ብቻ አይደለም።

ይህን ሳሰላስል መብራት ጠፋ። በመብራት መጥፋት የተደሰትኩበት ብቸኛው ቀን ይኸው ነው! ያ ማር የነበረው ጊታር ባዶ ካርቶን ሆነ። ደብዛዛውን ሳነሣው ግን ወፍራሙ ክር ደረቴ ድረስ ተሰማኝ። ሻጩ በጨለማም ቢሆን ቀጭኑን ማመስገኑን አልተወም።

ወደ መስኮቱ ወስጄ አንገቱ አለመጣመሙን አየሁ፤ እያንዳንዱን ፍሬት እየተጫንኩ የሚንጣጣ ክር እንዳለ አዳመጥኩ። የፊቱ እንጨት ወጥ አይደለም፤ ስስ ገጾች የተጣበቁበት፣ ኮምፔርሳቶ የምንለው ዓይነት ነው። ዐዋቂዎች ይንቁታል። ወጥ እንጨት በድምፅ እንደሚበልጥ እኔም አልክድም። ነገር ግን ወጥ እንጨት በደረቅ አየር ይሰነጠቃል፤ የእኔ ቤት ደግሞ ቆርቆሮ ክዳን ነው፤ በበጋ ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። የተናቀው እንጨት ለዚህ ኑሮ ይሻላል ብዬ ገዛሁት።

በመጀመሪያው ሳምንት ገመዱን ሳልነቅል አድሬ ባትሪውን ጨረስኩት። ገመዱ እንደተሰካ ማጎልበቻው እንደማይጠፋ የነገረኝ አልነበረም።

በሚቀጥለው የግጥም ምሽት ልጅቱ ያንኑ ግጥም እንድታነብልን ለመንኳት። አነበበችው። መጨረሻው ስንኝ ላይ ስትደርስ እጄን ከክሩ አነሣሁ።

በቀረው ገንዘብ የጣሪያው እኩሌታ ታደሰ። ጊታሩ የሚያድረው በታደሰው በኩል ነው፤ እኛ በሌላው።