ተጠባባቂው

የ2008 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን ነው። ሾላ ገበያን በበዓል ሰሞን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዶሮው፣ ሽንኩርቱ፣ ቄጠማው፣ ተሸካሚው፣ ሁሉም በአንድ ቀጭን መንገድ ካላለፍኩ ይላል። እኔም ቅቤ ልገዛ ሄጄ ግፊያው ሲያንገላታኝ፣ ከቅቤ ነጋዴዋ ደንበኛዬ አጠገብ ካለችው የጀበና ቡና ዘንድ አረፍ አልኩ።

እዚያ ስለ ዶሮ ዋጋ የሚያወራ አልነበረም። ወሬው ሁሉ ቀነኒሳ በቀለ ነው።

«ቀነኒሳን ትተው ሪዮ ሊሄዱ! ሰምታችኋል?»

ሰምተናል። ሚያዝያ 16 ቀን በለንደን ማራቶን 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ሮጦ ሦስተኛ ወጥቶ ነበር። ለኦሎምፒክ ማራቶን የተመረጡት ግን ተስፋዬ አበራ፣ ለሚ ብርሃኑና ፈይሳ ሌሊሳ ሆኑ። እኔም ስኒዬን ቁጭ አድርጌ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ «ለመሆኑ እነዚህ እነማን ናቸው?» አልኩ። ቤቱ ሳቀልኝ። ነገር የገባኝ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ደንበኛዬ ግን አልሳቁም። ቅቤ የነካ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «እነሱም እናት አላቸው እኮ ልጄ» አሉኝ።

የእሳቸውም ልጅ ሯጭ መሆኑን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። በየማለዳው ወደ እንጦጦ ጫካ ወጥቶ ይሮጣል፤ አንድ ክለብ እንዲይዘው ይጠብቃል። እኔ ከእሳቸው ዘንድ ስንት ዓመት ቅቤ ስገዛ የጠየቅኳቸው ዋጋ ብቻ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ቁጣችን ከመሬት የተነሳ አልነበረም። በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ በ5 ሺህም በ10 ሺህም ወርቅ ያጠለቀውን ልጅ ማን ይረሳል? ራሱም ውሳኔው ትክክል እንዳልሆነ ተናግሯል። ውለታ አለብን፤ የተቆጣነው ለውለታው ነው። ግን ቤቴ ገብቼ «እነማን ናቸው?» ያልኳቸውን ፈለግኳቸው። ተስፋዬ በዚያው ዓመት ዱባይንና ሀምቡርግን አሸንፏል። ለሚ ቦስተንን፣ ፈይሳ ቶኪዮን አሸንፈዋል። ሦስቱም አሸናፊዎች! ያላወቅኳቸው እኔ ነኝ እንጂ እነሱስ የሚታወቁ ነበሩ።

ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ፈይሳ ሪዮ ላይ ከኬንያዊው ኪፕቾጌ ቀጥሎ ገባ፤ ብር ወሰደ። የመጨረሻዋን መስመር ሲያልፍ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ የአገሩን ሰው ሞት ለዓለም አሳየ፤ ከዚያም እስከ 2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በስደት ቆየ። ያን ጊዜ ነገሩ ቡና ላይ ጮክ ተብሎ የሚወራ አልነበረም። ስለ ብሩ እንኳ ግን «ተሳስቼ ነበር» ያልኩት ሰው የለም። ዝም አልኩ።

ከወር በኋላ፣ መስከረም 15 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቀነኒሳ በርሊንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ አሸነፈ፤ የዓለም ክብረ ወሰን ያመለጠው በ6 ሰከንድ ነው። ያን ጊዜስ ዝም አልኩ? በፍጹም! «አላልኳችሁም?» እያልኩ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞርኩ። አያችሁ ነገሬን፤ ስረታ ሰፈር ይስማኝ እላለሁ፣ ስረታ... አይ፣ ስሸነፍ ስልኬን እነካካለሁ።

ጊዜው ነጎደና 2016 ዓ.ም. ደረሰ። በሚያዝያ ቀነኒሳ በ41 ዓመቱ ለንደን ላይ ሁለተኛ ወጣ። ለፓሪስ ኦሎምፒክም ከሲሳይ ለማና ከደሬሳ ገለታ ጋር ተመረጠ። ቡና ቤታችን ደስ አለው፤ ዕዳው ተከፈለ ተባለ። ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ሆነ። ልብ በሉ፤ ታምራት በ2014 ዓ.ም. ኦሪገን ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፣ በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ኒው ዮርክን የቦታውን ክብረ ወሰን ሰብሮ ያሸነፈ ሰው ነው። እኛ ጠረጴዛ ላይ ለእሱ የጮኸ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም አልጮህኩም።

ውድድሩ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ሲሳይ ተጎዳና ታምራት ተተካ። ነሐሴ 4 ቀን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን፣ አንደኛ ገባ። ገዛኸኝ አበራ ሲድኒ ላይ ካሸነፈ ወዲህ በወንዶች ማራቶን ወርቅ ስናይ የመጀመሪያችን ነው። ደሬሳ አምስተኛ ሆነ። ቀነኒሳ 39ኛ ወጣ፤ ያም ቢሆን ሳያቋርጥ ጨረሰ።

በሳምንቱ ቅቤ ልገዛ ሾላ ሄድኩና ለደንበኛዬ ነገርኳቸው።

«ተጠባባቂ ማለት ምን ማለት ነው?» አሉኝ።

«ከተመረጡት ሰው ሲጎድል የሚገባ ነው እማማ።»

«ካልጎደለስ?»

«ካልጎደለ ይቀራል።»

«ታዲያ ይቀራል ብሎ አይተውም? ይሮጣል?»

«ይሮጣል።»

ሚዛኑ ላይ ያለውን ቅቤ ትንሽ ጨመሩበት፤ መልሰው ትንሽ ቀነሱለት። ልጃቸው እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ስምንት ዓመት ሙሉ አልጠየቅኳቸውም ነበር።

«ተወው» አሉ። «ሁለት ዓመት አየና ተወው። አሁን ሥራ ይዟል፣ ይመስገን።» ከዚያ ቅቤውን በኮባ እየጠቀለሉ ቀስ ብለው፣ «ለእሱ የተቆጣለት ሰው አልነበረም» አሉኝ።

ምን ይባላል? የማለው አጣሁ። ሁልጊዜ ቢያንስ አሥር ብር ሳላስቀንስ የማልሄደው ሰውዬ፣ የዚያን ቀን የጠሩልኝን ከፍዬ ወጣሁ።