አዳኙ ዓሣ ጥርስ የለውም

ውጭ አገር ያለው የአክስቴ ልጅ ቪዲዮ ላከልኝ። ጀልባ ላይ ቆሞ ማጠንጠኛ ያለው ዘንግ ይወረውራል። ክሩ ጫፍ ላይ ትንሽ ዓሣ የመሰለ የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ አለ፤ ያንን ፈጠን ቀስ እያደረገ ሲጎትት ትልቁ ዓሣ ከሥር መጥቶ ላፍ ያደርገዋል። «አንተ የሐሙሲት ልጅ፣ እናንተስ በምንድን ነው የምታጠምዱት?» ይለኛል። መልሱ ስለረዘመብኝ እዚህ ጻፍኩት።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የእኛን የጣናን አዳኝ እወቀው። ባሮና ጫሞ ላይ ያለው ናይል ፐርች ጣና ውስጥ የለም፤ የጢስ ዓባይ ገደል ወደ ላይ አያሳልፈውም። (አርባ ምንጭ ሄደህ «ነጭ ዓሣ» ካልክ የሚያቀርቡልህ እሱን ነው፤ የእኛው ነጭ ዓሣ ሌላ ነው።) በጣና የአዳኝነቱን ቦታ የያዘው የእኛው ነጭ ዓሣ ነው። ከ15 ገደማ ዝርያዎቹ 8ቱ ሌላ ዓሣ አሳድደው ይበላሉ። ታዲያ መንጋጋቸው ላይ አንድ ጥርስ የላቸውም! ልጅ ሆኜ አንዱን አፉን ከፍቼ ጣቴን ሰድጄ አውቃለሁ። ከንፈሩ ልስልስ ነው፣ ላንቃው እንደ ረጠበ ቆዳ። ጥርሱን የምታገኘው ጉሮሮው ውስጥ ነው። ነክሶ መቦጨቅ ስለማይችል ያገኘውን ሙሉውን ይውጣል፤ ስለዚህ የሚያሳድደው ትንንሹን ነው። ያ የመዳፍ ያህል ፕላስቲክህ እዚህ አይሠራም፤ ከጣት የማይበልጥ አምጣ።

ውሃውም የራሱ ጠባይ አለው። ጣና ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ቢሆን ነው፤ ነፋስ ሲነሳ ደለሉ ይታመሳል። በዐይኑ የሚያድን ዓሣ በድፍርስ ውሃ ምን ያያል? እኔ ብሆን ገና ነፋስ ሳይነሳ በማለዳ እወረውራለሁ።

እኛ ጋ ግን ዘንግ የለም፤ መረብ ነው። ማታ ይጣላል፣ ጠዋት ይወጣል። የላይኛው ገመድ ተንሳፋፊ፣ የታችኛው ክብደት አለው፣ መሃል ላይ ግድግዳ ሆኖ ይቆማል። ዓሣው ጭንቅላቱን በመረቡ ዐይን ያሾልክና ስንጥቡ ላይ ይያዛል። በደንገል ታንኳ ዳር ዳሩን ይጠመድ የነበረው ሐይቅ፣ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሞተር ጀልባና ረጃጅም የናይለን መረብ ሲገባለት መሃሉም ተደረሰበት።

ይህ እንኳ ሙያ ነው። የሚያናድደኝ ሌላው ነው። ክረምት ላይ ይኸው አዳኝ ሐይቁን ትቶ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ገልዳ፣ ወደ ርብ ይወጣል። ያን ጊዜ ማባበያ አያስፈልግም፣ ማሳደድ የለም፤ የወንዙን አፍ በመረብ መዝጋት ብቻ ነው። የባሰበት የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዙ ላይ ይበትናል፤ ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል፣ ከነእንቁላሉ ይለቀማል። አዋጅ ቁጥር 315/1995 መርዝ ከልክሏል፣ ብርብራው ግን አዋጅ አያነብም። ደግሞ ጊዜው ፍልሰታ ላይ ይወድቃል፤ በፆም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእናንተ ትቼ፣ የሚበላው ሰው ግን ገበያውን ያሞቀዋል። ተመራማሪዎች ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የነጭ ዓሣው ክምችት በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን ጽፈዋል።

እና ዘንግህን ይዘህ ና፣ ግን ነሐሴ ላይ አትምጣ። ኅዳር ይሁን፤ ታንኳ እኔ እፈልጋለሁ። ባለ ሦስት አፉን መንጠቆ ተወው፣ ያንን ለስላሳ ከንፈር ይቀድበታል፤ ባለ አንዱ ይበቃል። መለዋወጫ ጨምር፣ ውሃው ላይ ያለው የእምቦጭ አረም ብዙውን ያስቀርብሃል።