ስለ አንድ አጥቂ ልጅ የተደረገ ክርክር

የእግር ኳስ ወዳጅ የሆነ ሰው ዓመቱን እንደ ገበሬ በጋና ክረምት ብሎ ይከፍለዋል፤ ነገር ግን የሥራው ወራት የገበሬውን ያህል የከበደ አይደለም። በበጋ ይጮኻል፤ በክረምት ይመክራል። ውድድሩ ተዘግቶ፣ ሜዳው ጭቃ ሆኖ፣ ተጫዋቹም ወደየቤቱ ከተበተነ በኋላ፣ ደጋፊው ሻይ ቤት ተቀምጦ የሚመጣውን ዓመት ቡድን በአፉ ሲገነባና ሲያፈርስ ይከርማል። እገሌ ይሰናበት፤ እገሌ ይምጣ፤ የእገሌ ዋጋ በዛ፤ የእገሌ ጉልበት ዐለቀ። ይህን ሁሉ የሚወስነው በኪሱ ከሻይ ሒሳብ በቀር ምንም የሌለው ሰው መሆኑን ላስተዋለ ነገሩ ያስቃል። ዳሩ ግን ከዚያ ሁሉ ወሬ በስተጀርባ ስሙ የሚነሣው ልጅ እናት አለው፤ ደብተር አለው፤ ጉልበትም አለው።

እኔ ይህን ክርክር የምሰማው ዊንጌት ነው። ለማያውቀው አንባቢ ለማስረዳት ያህል፣ ዊንጌት በጉለሌ ከጳውሎስ ሆስፒታል ብዙ ሳይርቅ የሚገኝ ሰፈር ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ በ1930ዎቹ መጨረሻ ተከፍቶ፣ ጣሊያንን ለማስወጣት በተደረገው ዘመቻ ከአርበኞቻችን ጋራ ለተሰለፈው እንግሊዛዊ መኮንን መታሰቢያ እንዲሆን ተሰየመ። ከየጠቅላይ ግዛቱ ተመርጠው የመጡ ልጆች እዚያው እያደሩ ይማሩበት ነበር። ዛሬ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ነው። ሰፈሩ ግን ስሙን አልለቀቀም፤ የታክሲው ረዳት በበሩ ተንጠልጥሎ «ዊንጌት፣ ዊንጌት» ሲል የአንድ የጦር መኮንን ስም በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያነሣ አያስበውም።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሻይ ቤታችንን ክርክር የያዘው የአንድ የሰፈር ልጅ ጉዳይ ነበር። ዕድሜው 18 ዓመት፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ። ስሙን አልጽፍም፤ የፈለገውን ክለብ ስምም አልጠራም። አጥቂ ነው። ፈጣን መሆኑን ሁሉም ይመሰክርለታል፤ እኔ ግን ከፍጥነቱ ይልቅ የወደድኩለት ኳሷ ወደ እርሱ ከመድረሷ በፊት አንገቱን መለስ አድርጎ ከኋላው ያለውን ተከላካይ ማየቱን ነው። ይህን ተነግሯቸው የሚያደርጉት ብዙዎች ናቸው፤ ሳይነገራቸው የሚያደርጉት ግን ጥቂቶች ናቸው።

«ክለባችን ይህን ልጅ ካላስፈረመ ዐይን የለውም ማለት ነው» አለ መካኒኩ፤ እጁ ላይ ያለው ግራሶ ገና አልደረቀም።

«ተከላካይ በትከሻው ነካ ሲያደርገው ይወድቃል» አለ የታክሲ ተራ አስከባሪው። «እኛ የቸገረን ዛሬ የሚያገባ ሰው ነው፤ የዛሬ ሦስት ዓመት የሚያገባ አይደለም።»

«ደግሞስ 18 ዓመቱ መሆኑን ማን አየ?» አለ ከወዲያ ማዶ የተቀመጠ አንድ ሰው።

«እናቱን ጠይቃት! ክርስትናው ላይ የበላሁ እኔ ነኝ።»

«እሺ፤ አቡበከርስ ስንት ዓመቱ ነበር?»

የአቡበከር ናስር ስም በተጠራ ጊዜ የዊንጌት ክርክር መልኩን ይለውጣል፤ ምክንያቱም ሁሉም የሚያየው ከዚያ ልጅ ጋራ እያመዛዘነ ነው። አቡበከር ገና በዐሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ኢትዮጵያ ቡናን ተቀላቅሎ፣ በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን 29 ግብ አግብቶ የሊጉን የአንድ ዓመት ክብረ ወሰን ሰበረ። ከእርሱ በፊት የነበረው ጌታነህ ከበደ ለደደቢት ሲጫወት በ2009 ዓ.ም. ያስመዘገበው 25 ነበር። በዚያ ዓመት ከወረርሽኙ የተነሣ ጨዋታው በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ብቻ እየተዘዋወረ ስለ ተካሄደ፣ እኛ አብዛኛውን ያየነው በቴሌቪዥን ነው። ዋንጫውን ፋሲል ከነማ ወሰደ፤ ወሬውን ግን አቡበከር ወሰደው። የተቀናቃኙ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊዎች እንኳ በዚያ ሻይ ቤት እርሱን ለማየት ወንበር ይሻሙ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. አጋማሽ የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ልጁን እንደ ወሰደው በተነገረ ጊዜ የሆነውን አልረሳውም። የቡና ደጋፊ የሆኑት ጓደኞቼ ልጃቸውን በሩቅ አገር እንደ ዳሩ ወላጆች ሆነው ነበር፤ ይኰራሉ፤ ያዝናሉ፤ ሁለቱንም በአንድ አፍ ይናገራሉ። «ይሂድ፤ ስማችንን ያስጠራል» የሚለውና «ዋንጫ ሳያበላን እንዴት ይሄዳል» የሚለው ቀኑን ሙሉ ተሟገቱ። ልጁ የውድድሩን ዓመት ከቡና ጋራ ጨርሶ ሄደ። በኋላም ጉዳት ለብዙ ጊዜ ከሜዳ አራቀው። ይህ ሲወራ ግን ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ሰው አልሰማሁም፤ ስለ ግብ የሚጮኽ አፍ ስለ ጉልበት ሲሆን ያንሾካሹካል።

ወደ ሰፈራችን ልጅ ልመለስ። ነገሩን ያከረረው ክለቡ ልጁን ለሙከራ ወደ ልምምድ ሰፈር የጠራበት ሳምንት፣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከሚሰጥበት ሳምንት ጋራ መግጠሙ ነው። እንደሚታወቀው በ2015 ዓ.ም. ይህ ፈተና ይሰጥ የነበረው ተማሪዎቹ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው፣ እዚያው እያደሩ ነበር። ስለዚህ ጠዋት ተፈትኖ ከሰዓት በኋላ ኳስ መጫወት አይቻልም ነበር፤ ወይ እዚያ ወይ እዚህ ነበር።

መካኒኩ ምንም ጥርጥር አልነበረውም። «የባለፈውን ውጤት አልሰማችሁም? ከመቶ ሦስት!» አለ። እውነቱን ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር በተገለጸው ውጤት ለፈተና ከተቀመጡት 900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ ያህል፣ በመቶኛ 3.3 ብቻ ነበሩ። «እንግዲህ ከመቶ ዘጠና ሰባት ሰው የሚወድቅበትን ትቶ፣ ጠርቶት የመጣለትን ዕድል ቢይዝ ምን ነውር አለው?»

እኔ ራሴ 12ኛን ጨርሼ ከመዝገብ ቤት ሥራ የገባሁ ሰው ስለ ሆንኩ፣ ይህ ቃል ሳይነካኝ አልቀረም፤ ግን መልስ አልነበረኝም። መልስ የነበረው ሁልጊዜ በጥግ ተቀምጦ ደብተር የሚያርመው የሒሳብ መምህር ነው።

«ከመቶ ሦስት መሆኑን በምን ዐወቅህ?» አለው።

«ተነገረ እኮ! በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን።»

«መልካም። ኳስ ብለው ትምህርት ከተዉት መቶ ልጆች ስንቱ እንዳለፈስ በየትኛው ሬዲዮ ሰማህ?»

ሻይ ቤቱ ዝም አለ። እኔ ከዚያ በፊት ነገሩን በዚህ መልክ አስቤው አላውቅም ነበር። ፈተና የወደቀ ልጅ ይቆጠራል፤ ሚኒስቴሩ ቁጥሩን ያወጣል፤ ጋዜጣው ይጽፋል፤ ሕዝቡ ይነጋገርበታል። ሙከራ ላይ «በርታ፤ እንጠራሃለን» ተብሎ የተመለሰው፣ ጉልበቱ ተሰብሮ በ22 ዓመቱ ወደ እናቱ ቤት የገባው ልጅ ግን የሚቆጥረው የለም። ስለዚህ እኛ የምናውቀው አቡበከርን፣ ጌታነህን፣ ግብፅና ቤልጅየም ደርሶ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመለሰውን ሳላዲን ሰኢድን ነው። እነዚህን አይተን ኳስ ሰው ያሳልፋል እንላለን፤ ትምህርትን ግን የምንመዝነው በወደቁት ነው። ሚዛኑ አንድ አይደለም።

ማታ ቤቴ ገብቼ በወረቀት ላይ ጥቂት ደመርኩ። በዚያ ዓመት በፕሪምየር ሊጉ የተወዳደሩት ክለቦች 16 ነበሩ። እያንዳንዱ በመሐል አጥቂነት የሚያሰልፈው አንድ ወይም ቢበዛ ሁለት ሰው ነው። እንግዲያው ለመላው አገር ያለው ወንበር ከ32 አይበልጥም፤ ከነዚያም የተወሰነው ከውጭ በመጡ ተጫዋቾች የተያዘ ነው። በዚያው ዓመት በግብ አግቢነት አንደኛ የወጣው የቅዱስ ጊዮርጊሱ እስማኤል ኦሮ አጎሮ የቶጎ ሰው ነበር። መምህሩ ይህን ስሌት ባሳየሁት ጊዜ «ከዩኒቨርሲቲው በር ይጠብባል» ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ።

በሦስተኛው ቀን የልጁ እናት ከቤቴ መጡ። እንጀራ እየጋገሩ በመሸጥ ሦስት ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። ከነጠላቸው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ።

«ወንድሜ፣ አንተ የቢሮ ሰው ነህ። ይህን አንብብልኝ። ልጄ አንብቦልኝ ነበር፤ ግን እርሱ የሚያነበው ደስ የሚለውን ብቻ ነው።»

ክለቡ ሙከራውን ካለፈ ልጁ የሚፈርመው የውል ረቂቅ ነበር። ሥራዬ ወረቀት ማገላበጥ ስለ ሆነ ረጋ ብዬ አነበብኩት። ዘመኑ ሁለት ዓመት ነው። ደመወዙ ለጀማሪ የማይናቅ ነው። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው እንደ ነበረ አስታውሳለሁ፤ ልጁ የቀረበለት ከዚያ ጣሪያ እጅግ ይርቃል፤ የሆነ ሆኖ ከእኔ ደመወዝ ይበልጣል። በጨዋታ ላይ ቢጎዳ ክለቡ ያሳክማል ይላል። ውሉ ሲያልቅ ሕክምናው ባያልቅስ? ስለዚያ የተጻፈ ነገር የለም። ስለ ትምህርቱም አንድ ቃል የለም። ክፉ ውል አልነበረም፤ ግን ስለ ልጁ እግር ከዳር እስከ ዳር የሚናገር፣ ስለ ቀረው ሰውነቱ ዝም ያለ ውል ነበር።

ይህን ስነግራቸው እናቲቱ ጥቂት ዐሰቡና፣ «እንግዲህ ይፈተን» አሉ። «ቢወድቅ እንደ ጓደኞቹ ወደቀ ይባላል። ሳይፈተን ቢቀር ግን እኔ ያስቀረሁት እኔ ነኝ።»

«እትዬ፣ ክለቡ ላይጠብቀው ይችላል።»

«እኔ 18 ዓመት ጠብቄዋለሁ፤ እነርሱ አንድ ሳምንት ካልጠበቁት ምኑን ፈለጉት?»

ወሬው ሻይ ቤት በደረሰ ጊዜ የተነሣውን ጫጫታ መዘርዘር አያስፈልግም። ተራ አስከባሪው ራሱ ልጁን ይቃወም የነበረው ሰውዬ፣ አሁን ሊያመልጥ ሲሆን «ወርቅ ከእጃችን ወጣ» እያለ ከሁሉ በላይ ጮኸ። እንዲህ ባለ ሰዓት ሰው የሚያዳምጠው ጡረተኛውን ጋሼን ነው። በ1954 ዓ.ም. ጥር ወር፣ በልጅነታቸው፣ የሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ከስታዲየም ገብተው አይተዋል። ግብፅ ሁለት ጊዜ ቀድማ፣ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነን፣ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው 4 ለ 2 ያሸነፍንበትን ጨዋታ ሲያወሩ ዐይናቸው ዛሬም ይበራል።

«መንግሥቱ ከጊዮርጊስ ወጥቶ ለሌላ ክለብ አልተጫወተም» አሉ። «ማን ሊገዛው? ያን ጊዜ ልጅ አይሸጥም ነበር። የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ክለብ የፋብሪካው ነው፤ የመብራት ኃይሉ የመብራት ኃይል ነው። ኳሱ ቢቀር እንጀራው ከዚያው ነበረ።»

«ጋሼ፣ ያ ዘመን እኮ አለፈ» አለ መካኒኩ በአክብሮት። «ያን ጊዜ የነበሩት በድኅነት አለቁ እየተባለም ይወራል። ዛሬ ቢያንስ ልጁ ላቡን ይሸጣል።»

እዚህ ላይ መካኒኩ ተሳስቷል ለማለት አልደፍርም። የ1954ቱን ቡድን ያሠለጠኑት፣ ራሳቸውም በወጣትነታቸው የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፣ ኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ሳሉ የአፍሪካ ልጆች ወደ አውሮፓ ክለቦች መጉረፋቸውን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። ሐሳባቸው የከበረ ነበር፤ ጎርፉ ግን አልቆመም። ጨዋታው ከብር ጋራ ከተጋባ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ፍቺም አይጠበቅም። እኔ በበኩሌ የምጠይቀው ብሩ ለምን መጣ ብዬ ሳይሆን፣ ውሉን የሚያነብለት ሰው ለሌለው ልጅ ማን ያንብብለት ብዬ ነው።

ልጁ ሐምሌ ላይ ሻንጣውን ይዞ ለፈተናው ሄደ። ክለቡ አልጠበቀውም። ነሐሴ ውስጥ በዝቅተኛው እርከን የሚወዳደር ሌላ ክለብ ጠራው፤ እናቲቱም አዲሱን ረቂቅ ይዘው ተመለሱ። እኔና መምህሩ ተቀምጠን ሁለት አንቀጽ ጨመርን፤ አንደኛው በጨዋታ የደረሰ ጉዳት ውሉ ካለቀ በኋላም እስኪድን ይታከም የሚል፣ ሁለተኛው የማታ ትምህርት ለመማር ፈቃድ ይሰጠው የሚል ነው። ክለቡ ሕክምናውን እስከ ስድስት ወር ተቀበለ፤ የማታ ትምህርቱን «ከአሠልጣኙ ጋር በመነጋገር» በሚል ቃል አለሰለሰው። በመዝገብ ቤት የኖረ ሰው የዚህን ቃል ትርጉም ያውቀዋል። ልጁ ለአንድ ዓመት ፈረመ፤ እናቱ በምስክርነት አውራ ጣታቸውን አሳረፉ።

የፈተናው ውጤት በ2016 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ወጣ። በአገር ደረጃ ያለፉት ከመቶ 3.2 ነበሩ፤ ልጁ ከእነርሱ ውስጥ አልነበረም፤ በሒሳብ ግን ደኅና አምጥቶ ነበርና መምህሩ ወረቀቱን ሻይ ቤት ይዞ መጥቶ ለሁላችንም አሳየን። ልጁ በመጀመሪያው ጨዋታ ተቀያሪ ሆኖ 12 ደቂቃ ተጫወተ፤ አንዲት ኳስ አግኝቶ በቀኝ እግሩ መትቶ ወደ ውጭ ሰደዳት። ጨዋታውን ሊያይ ሥራ ዘግቶ የሄደው መካኒኩ፣ በግራው ቢመታት ትገባ ነበር ብሎ ይከራከራል። ተራ አስከባሪው ደግሞ በቀኝ መምታቱ ልክ ነው፤ ሰውነቱ ነው የዘገየው ይላል።