ጓሮ ያለችው ማድ ቤት

ሽሮ ሜዳ፣ ክረምት። እማዬ እንጀራ የምትጋግረው ጓሮ ባለችው የቆርቆሮ ማድ ቤት ነው። ምጣዱ መብራት የሚያገኘው ከሳሎን ሶኬት በወጣ ቀጭን ገመድ ነበር፤ መሐሉ ተቀጥሎ በፕላስተር የተጠቀለለ። ባለፈው ቅዳሜ ብነካው ይፋጃል። ከእንጦጦ በኩል ዝናብ ሲወርድ ደግሞ ቆርቆሮው ራሱ ይነዝራል።

3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይፈልጋል። ለአምፖል የተዘረጋ ሽቦ ይህን አይችልም። ኤሌክትሪሺያን ጠራሁ፦ ለምጣዱ ብቻ የሚሆን ብሬከር፣ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ በፕላስቲክ ቱቦ ተቀብሮ፣ ከመሬት ጋር የሚያያዝ ሦስተኛ ሽቦ። ይህን ሦስተኛውን ብዙ ግቢ ይዘለዋል፤ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን እሱ ነው። እማዬ አክንባሎውን የምታነሳው በእርጥብ እጇ ነው።