ሲሮጡ የታጠቁት

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ መኪና ሲጽፍ «ምን አገባው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው፤ እኔ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለኝም። ነገር ግን ባለፈው ክረምት ለንደን በሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ቤት ሁለት ወር ሰንብቼ ስመለስ፣ ከሙዚየሙም ከመጻሕፍት ቤቱም ይልቅ በሐሳቤ ተጣብቆ የመጣው አንድ የመኪና ሜዳ ነው። ስለ ፍርሃትና ስለ ኩራት እዚያ በአንድ ቀን ያየሁትን ያህል በሦስት ዓመት ትምህርቴ አላነበብኩም ብል፣ መምህሮቼ ይቅር ይበሉኝ እንጂ፣ ብዙ አላጋነንኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእንግሊዝ አገር ተራው ሰው የገዛ መኪናውን ይዞ፣ የቀኑን ዋጋ ከፍሎ፣ በውድድር ሜዳ ላይ በፍጥነት የሚነዳበት ቀን አለ፤ «ትራክ ዴይ» ይሉታል። ውድድር አይደለም። አንደኛ የሚባል የለም፤ ዋንጫ የለም፤ የዙር ሰዓት መያዝ እንኳ ክልክል ነው። ሰዓት የያዘ ሰው፣ ማንም ባይኖር፣ ከራሱ ጋር መሽቀዳደሙ አይቀርማ! ወንድሜ የሚሄድበት ሜዳ ብራንድስ ሃች ይባላል፤ ከለንደን በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በኬንት ይገኛል። የዋዛ ቦታ አይደለም። ከ1964 እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ድረስ በየሁለት ዓመቱ የብሪታንያ ግራንድ ፕሪ ይካሄድበት ነበር፤ በ1971 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጆ ሲፈርት የተባለው የስዊስ ተወዳዳሪ በዚያው ሜዳ በውድድር ላይ ሞቶበታል። ለትራክ ዴይ ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው አጭሩ ዙር ርዝመቱ 1.9 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አጭር ነው ብሎ የናቀው ግን ይቀጣበታል።

ወንድሜ ሀብታም አይደለም። ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ መካኒክ ነው፤ መኪናውም የፊት ጎማዎቿ የሚጎትቷት፣ ቀለሟ የደበዘዘ ትንሽ አሮጌ መኪና ናት። ሚስት አለችው፤ አራት ዓመት የሆናት ልጅ አለችው። እናታችን ይህን የሜዳ ነገር ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ስሸኝ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ፣ «ሂድና በዓይንህ እይልኝ። የሚያሰጋ ከሆነ አስተወው፤ አንተ የተማርክ ነህ፣ ይሰማሃል» አለችኝ። እንግዲህ ወደ ሜዳው የሄድኩት ለመዝናናት ሳይሆን፣ የእናት መልእክተኛ ሆኜ፣ ፍርድ ይዤ ልመለስ ነው።

መጀመሪያ የገረመኝ ቀኑ በመንዳት አለመጀመሩ ነው። ማለዳ ሁሉም ሹፌር ተሰብስቦ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ይቀመጣል፤ ይህን ትምህርት ያልሰማ ሰው ሜዳው ላይ አይወጣም። ቢጫ ባንዲራ ከፊት አደጋ አለ፣ ቀንስ፣ አትቅደም ማለት ነው። ቀይ ሲወጣ ሁሉም ቀስ ብሎ ይመለሳል። ሰማያዊ፣ ከኋላህ ፈጣን መጥቷል፣ አሳልፈው ነው። ቢጫና ቀይ ዝንጉርጉሩ አስፋልቱ ላይ ዘይት ወይም ሌላ የሚያንሸራትት ነገር አለ ይላል። ጥቁር ባንዲራ የተሰጠው ደግሞ ገብቶ እንዲነጋገር ተጠርቷል። መቅደም የሚቻለው በተባለው በኩል፣ በቀጥታው መንገድ ላይ፣ ያውም የፊተኛው ሲፈቅድ ብቻ ነው። ኩርባ ውስጥ ገብቶ ጎን ለጎን መጋፋት የለም። የመጀመሪያዎቹ ዙሮችም ሜዳውን ለመተዋወቅ በዝግታ የሚነዱ ናቸው።

ወንድሜም በበኩሉ ከዋዜማው ጀምሮ የሠራውን ዓይቻለሁ። የጎማ ብሎኖቹን በልኩ አጠበቀ፤ የጎማውን ንፋስ ለካ፤ የፍሬን ሸራውን ውፍረት አየ፤ የፍሬን ዘይቱን በአዲስ ለወጠ። ከመኪናዋ ውስጥ ምንጣፉን፣ የውሃ ጠርሙሱን፣ የልጁን መጫወቻ ሳይቀር አወጣ። «ይቺ ጠርሙስ ተንከባላ ከፍሬኑ ሥር ብትገባ፣ ለምን እንደሞትኩ እንኳ የሚያውቅ አይኖርም» አለኝ እየሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚሉት ለካ ለቀበቶ ብቻ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ነው «መኪና ለምን ይሾራል?» ብዬ የጠየቅኩት። መልሱ ከአንድ ፊዚክስ መጽሐፍ ይሻለኛል። «ጎማ» አለኝ፣ «እንደኔ ደመወዝተኛ ነው። እያንዳንዱ ጎማ መሬት የሚነካው በመዳፍህ ስፋት ገደማ ነው። ደመወዙ ያቺው ናት። ከፈለግህ ለፍሬን አውጣት፣ ከፈለግህ ለመጠምዘዝ፣ ከፈለግህ ለነዳጅ። ሁሉን በፍሬን ከጨረስክ በኋላ መሪ ብትጠመዝዝ፣ ከየት ይከፍልሃል?» ስለዚህ ፍሬን በቀጥታው መንገድ ላይ ይያዛል፤ ወደ ኩርባው ሲገባ እግር ከፍሬኑ ቀስ ብሎ ይነሣል፤ መሪው መቃናት ሲጀምር ነዳጅ ቀስ ብሎ ይሰጣል። በድንገት የሚደረግ ነገር ሁሉ የደመወዝ ቀማኛ ነው። ሂሳቡም ጨካኝ ነው፤ በአንድ ኩርባ ላይ ፍጥነትህን ከ80 ወደ 88 ኪሎ ሜትር በሰዓት ብታደርሰው፣ የጨመርከው አንድ አሥረኛ ሆኖ ሳለ ጎማው የሚጠየቀው ግን በ21 በመቶ ይጨምራል። «ትንሽ ልጨምር» የሚባል ነገር በሜዳ ላይ ትንሽ አይደለም።

ዋናው ትምህርቴ ግን ከዚህ ቀጥሎ መጣ። በብራንድስ ሃች ከመነሻው ቀጥታ መንገድ ቀጥሎ ፓዶክ ሂል የሚሉት የቀኝ ኩርባ አለ። መንገዱ እየታጠፈ ገደል የገባ ይመስል ቁልቁል ይወርዳል፤ ከላይ ሆነህ መውጫውን በደንብ አታየውም። አጥሩ ዳር ቆሜ ስመለከት አንዲት ሰማያዊ መኪና ከሌላው ጊዜ ፈጠን ብላ ገባች። ቁልቁለቱ ሲጀምር ሹፌሩ ደነገጠ መሰለኝ። የደነገጠ ሰው ምን ያደርጋል? እግሩን ከነዳጁ ላይ ብድግ ያደርጋል። ያን ጊዜ የመኪናዋ ክብደት ሁሉ ወደ ፊት ተደፋ፤ የኋላ ጎማዎቿ ቀለሉ፤ ጅራቷ አመለጠና እንደ እንዝርት ሾረች። ጠጠሩ ውስጥ ገብታ አቧራ ለብሳ ቆመች። ሰውየው ደህና ነበር። እኔ ግን ጉልበቴ ከዳኝ።

ልብ በሉ፤ መኪናዋን ያሾራት ፍጥነቱ ብቻ አይደለም፤ ፍጥነቱን ተከትሎ የመጣው ድንጋጤም ነው። አካላችን በፍርሃት ጊዜ «አድናችኋለሁ» ብሎ የሚያዘን ነገር ሁሉ እዚያ ላይ ጠላት ይሆናል። እግር ይነሣል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይን ደግሞ የፈራው ነገር ላይ ይተከላል። የመጨረሻው የከፋ ነው፤ እጅ ዓይንን ይከተላልና፣ አጥሩን የሚያይ ሹፌር ወደ አጥሩ ይነዳል። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ሲባል ስለ ዕድል የተነገረ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ስለ መሪ ነው! የሜዳው አሠልጣኝ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሽማግሌ፣ ለጀማሪዎች ሁሉ የሚደጋግሙት ይህንኑ ነበር፤ መሄድ የምትፈልጉበትን እዩ፣ መሄድ የማትፈልጉበትን አትዩ።

መሾሩ ከጀመረስ? መሪውን ጅራቷ ወደምትሄድበት አቅጣጫ ማዞር፣ መኪናዋ ስትመለስ ደግሞ ቶሎ ማቃናት ነው፤ ያዘገየ በተቃራኒው ወገን ሁለተኛ ግርፊያ ይቀበላል፤ እሱም ከመጀመሪያው ይብሳል። ካመለጠች ግን መታገል የለም፤ ሁለቱንም እግር፣ ፍሪሲዮኑንም ፍሬኑንም፣ እስከ ታች መርገጥ ነው። ነገሩን ያበላሸው ቀድሞውኑ ተበላሽቷል፤ አሁን የሚፈለገው መኪናዋ ቶሎ እንድትቆምና ሌላው ሹፌር ወዴት እንደምትሄድ እንዲገምት ነው። ጎማ ከአስፋልቱ ወጥቶ ሣር የነካ እንደሆነም መሪውን ነጥቆ መመለስ አይገባም፤ አስፋልቱን ሲይዝ ወደ ማዶው አጥር ይወረውራልና። መሪውን አቅንቶ፣ ቀንሶ፣ ቀስ ብሎ መመለስ ነው። ከቆሙ በኋላ ደግሞ፣ እሳት ካልተነሣ በቀር፣ ቀበቶን እንደታሰሩ ሠራተኞቹን መጠበቅ ነው፤ ሜዳው ላይ በእግር ከመንከራተት ብረት ውስጥ መቀመጥ ይሻላል።

ይህን ሁሉ በድንጋጤ ሰዓት ማሰብ እንደማይቻል ግልጽ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ፣ በዝግታ ዙር፣ ደጋግሞ እጅና እግርን ማስተማር ያስፈልጋል። በሽማግሌው አፍ የቀኑ ትምህርት ሁሉ እዚህ ላይ ይጠቃለላል። ፍርሃት የሌለው ሹፌር አይፈልጉም፤ የሚፈልጉት ፍርሃቱ መሪውን የማይነጥቀው ሹፌር ነው። እኛ በትምህርት ክፍላችን ስለ ጀግና ስናወራ ፍርሃትን የማያውቅ እያልን እናሞግሳለን። እዚያ ሜዳ ላይ እንዲህ ያለው ጀግና የሚሸኘው በጎታች መኪና ነው።

የኩራቱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ከኋላው ፈጣን መኪና ሲጠጋው መልቀቅን እንደ ውርደት የሚቆጥር አለ፤ መስተዋቱን እያየ ፍሬን የሚይዝበትን ቦታ ይረሳል። እየተናደደ ዙር የሚጨምርም አለ፤ ፍሬኑ ግን ቁጣ አይገባውም። ዓባይ በረሃን የወረደ የአገራችን ሹፌር ይህን ያውቃል፤ ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ፍሬን ረግጦ የሚወርድ የለም፣ በከባድ ማርሽ እንጂ። ፍሬን ሲግል ይደክማል። «ዶት 4» የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይፈላ መቻል አለበት፤ እርጥበት ጠጥቶ ሲያረጅ ግን መመዘኛው ወደ 155 ይወርዳል። ከፈላ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል፤ መኪናው ግን አይቆምም። ስለዚህ ጥቂት ዙር ነድቶ፣ አንድ ዙር ቀስ ብሎ አብርዶ፣ መውጣት ነው። ሰውም እንዲሁ ይግላል፤ ሲደክመው የመጀመሪያው የሚያውቀው ነገር መድከሙን አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። በደረቅ ጊዜ ጎማ እየተላጠ የቀባው የተለመደው መስመር፣ ሲረጥብ ይበልጥ ያንሸራትታል ይላሉ። ወንድሜ ሰማዩን አየ፣ እጁን አየ። ገና አንድ ሰዓት የተከፈለበት ጊዜ ነበረው። ጎረቤቱ የነበረ ወጣት ሄልሜቱን እያጠለቀ፣ «አንድ የመጨረሻ አትወጣም?» አለው። ወንድሜ ሳቅ ብሎ፣ «የመጨረሻዬን ነድቻለሁ» አለና የልጁን መጫወቻ ወደ ቦታዋ መለሰ። በዚያ ቀን ካየሁት ነዳጅ መስጠትና መሪ መጠምዘዝ ሁሉ የበለጠ ችሎታ ያየሁት በዚህች ላይ ነው። የ«አንድ የመጨረሻ» ዙር ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ጎማው ያለቀ፣ ፍሬኑ የጋለ፣ ሰውየው የደከመ፣ ልቡ ግን ገና ያልጠገበ ጊዜ ነውና።

እንዲህ ስል ግን ነገሩን ማሳመር አልፈልግም። አጥሩ ብረት ነው፤ ሕግ ማክበርህን አይጠይቅም። የሌላው ሰው ስሕተትም ያገኝሃል። የመንገድ ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ ሜዳ ላይ የደረሰውን አይከፍልም፤ መኪናህን ሰብረህ በአውቶቡስ መመለስ አለ፣ ከዚያም የከፋ አለ። ወንድሜን «ልጅህንስ አታስብም?» ብዬው ነበር። ጥቂት ዝም አለና፣ «ዘወትር የምነዳው በምሽት ደክሞኝ በአውራ ጎዳና ነው። እዚያ ማንም ባንዲራ አያሳየኝም። በጥንቃቄ መንዳት የተማርኩት እዚህ ነው» አለኝ። መልሱ ሙሉ አይደለም። ሐሰት ነው ለማለት ግን አልቻልኩም።

ለእናታችን በስልክ የነገርኳት ይህንኑ ነው። አላስተውኩትም። አደጋ የለውም ብዬም አልዋሸኋትም። መኪናውን አስቀድሞ የሚፈትሽ፣ ሲቀድሙት የማይናደድ፣ ሰው አንድ ጨምር ሲለው በቃኝ የሚል ልጅ አለሽ አልኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም፣ «እንግዲያው» አለች፣ «ያቺን ቃል ለልጁም ያስተምራት።»